ዕዳው ተከፍሎ ስሙ ያልተነሳ፦ የአንድ የባሕር ዳር ባለጀልባ ጉዳይ

ጋሼ ዕዳቸውን ጨርሰው ከፍለዋል። የቤታቸው ካርታ ተመልሶላቸዋል። ባንኩ ማኅተም ያሳረፈበት የክሊራንስ ደብዳቤም እጃቸው ላይ አለ። ይሁንና በግንቦት 2016 ሌላ ባንክ ሄደው አዲስ ብድር ሲጠይቁ፣ ያልተከፈለ ብድር ያለባቸው ሰው ሆነው ተገኙ። ያ መዝገብ ሳይስተካከል ክረምቱ አልፎ፣ መስከረም ጠብቶ፣ ጥቅምት ገባ። በመሀሉ የወጣው ወጪ አብዛኛው ደረሰኝ የሌለው ነው።

እኔ ባሕር ዳር ውስጥ የትንንሽ ነጋዴዎችን ሂሳብ እሠራለሁ። የጋሼንም ሂሳብ ስለምይዝ ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አይቼዋለሁ። የምጽፈው በፈቃዳቸው ነው። ስማቸውን አልጠቅስም። ባንኮቹንም «የመጀመሪያው» እና «ሁለተኛው» እያልኩ አልፋለሁ። ጋሼ የምላቸው ወደብ ላይ ሁሉም ሰው እንደዚያ ስለሚጠራቸው ነው።

ጋሼ ከባሕር ዳር ወደብ ሰው እየጫኑ ወደ ዘጌ፣ ወደ ክብራን ገብርኤል፣ ወደ ደብረ ማርያም ያመላልሳሉ። በ2011 ፋይበር ጀልባና ሞተር ለመግዛት ከመጀመሪያው ባንክ ተበደሩ። መያዣው ሽምብጥ ያለው መኖሪያ ቤታቸው ነበር። ሥራው ያን ጊዜ ጥሩ ነበር። ፈረንጁ ጠዋት ዘጌ ወርዶ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ያያል፤ ከሰዓት ጢስ ዓባይ ይሄዳል። ጋሼ አንድም ወርሃዊ ክፍያ አላሳለፉም።

ከዚያ የመጣውን እዚህ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በመጋቢት 2012 ኮሮና አገር ውስጥ ገባ፤ ቱሪስት ቆመ። በጥቅምት 2013 ጦርነቱ ተጀመረ፤ ኅዳር ላይ ወደ ባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ ሮኬት ተተኮሰ። ጀልባዎቹ ታስረው ከረሙ። የቀረው ገበያ የአገሬው ምእመን ነበር፤ በየወሩ በ16 ለኪዳነ ምሕረት የሚሻገር፣ ለሠርግ ፎቶ የሚመጣ። ይህ ደግሞ ቤንዚንና የማኅበር መዋጮ ከተቀነሰበት በኋላ የባንክ ዕዳ አይችልም።

በመጋቢት 2014 ጋሼ ባንኩን ለምነው ብድሩ እንደገና ተዋቀረላቸው። ጊዜው ተራዘመ፣ ወርሃዊው ክፍያ ቀነሰ። ባንኩ የድሮውን የብድር ሂሳብ ትቶ ቀሪውን ዕዳ ወደ አዲስ ቁጥር አዛወረው። ይህቺን ልብ በሉልኝ። ነገሩ የተበላሸው እዚህች ጋ ነው።

ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ ክልሉ እንደገና ተናወጠ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘጋ። ጋሼ «ወለዱ ቁጭ ብሎ ከሚበላኝ» ብለው ዘጌ ያለውን የውርስ ቡናና ጌሾ ድርሻቸውን ለወንድማቸው ሸጡ። ሜሪላንድ ያለችው የእህታቸው ልጅም ጨመረችበት። በታኅሣሥ 2016 የመጨረሻውን ብር ከፈሉ። እትዬ፣ ባለቤታቸው፣ ጠላ ጠምቀው ጎረቤት ጠሩ። እኔም ሄጄ ጠጥቻለሁ።

ግንቦት ላይ ጋሼ የሞተር ነገር መጣባቸው። ያለው ሞተር አርጅቷል፤ ባሕሩ መሀል እየጠፋ ተሳፋሪ ያስፈራራል። ነጋዴው ለ40 ፈረስ ጉልበት አዲስ ሞተር 480 ሺህ ብር ጠራ። ሁለተኛው ባንክ ሄደው ማመልከቻ አስገቡ። የንግድ ፈቃድ፣ የግብር ክሊራንስ፣ ካርታ፣ የጋብቻ ማስረጃ፣ ከመሬት ጽሕፈት ቤት ቤቱ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ ስለመሆኑ የሚገልጽ ወረቀት፤ ምን ቀረ? የቤት ግምት ተከፈለ፤ የባንኩ መሐንዲስ መጥቶ ለካ። ሁሉም ጥሩ ነበር። ከዚያ የብድር ክፍሏ ልጅ ደውላ «ጋሼ፣ ቢሮ ብቅ ይበሉ» አለች።

ልጅቷ ጨዋ ናት፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የነገረቻቸው። «ክሬዲት ኢንፎርሜሽን ላይ ስምዎ አለ። የተበላሸ ብድር ይላል።» ጋሼ የክሊራንሱን ደብዳቤ አውጥተው ዘረጉላት። አየችው። «ይሄ ጥሩ ነው፤ ግን እኛ የምንሄደው ሲስተሙ ባለው ነው» አለች። ከየትኛው ብድር፣ ስንት ብር፣ ከመቼ ጀምሮ? ለተበዳሪው ማሳየት አልተፈቀደልኝም አለች። የነገረቻቸው የባንኩን ስም ብቻ ነው።

አሠራሩን ለማያውቅ ሰው ትንሽ ላብራራ። ብሔራዊ ባንክ የሚያስተዳድረው የብድር መረጃ ማዕከል አለ። ባንኮች የተበዳሪዎቻቸውን መረጃ ወደዚያ ይልካሉ፤ ብድር ከመስጠታቸው በፊትም ከዚያ ጠይቀው ያያሉ። ማዕከሉ ራሱ ማን እንደከፈለና እንዳልከፈለ አይቆጥርም። ባንኩ የላከለትን ነው የሚይዘው። ባንኩ ደግሞ ብድሩን እንደ መዘግየቱ በአምስት ደረጃ ይመድበዋል። የመጀመሪያው መደበኛ ነው። ክፍያው 30 ቀን ካለፈው ልዩ ክትትል ውስጥ ይገባል። 90 ቀን ሲያልፈው ከመደበኛ በታች፣ 180 ሲያልፈው አጠራጣሪ፣ 360 ቀን ሲያልፈው ኪሳራ ይባላል። ከ90 ቀን ጀምሮ ያለው ሁሉ በተለምዶ የተበላሸ ብድር ነው። መጠኑ ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ ቀኑ ነው የሚቆጠረው። ለሁለት ሺህ ብርም ለሁለት ሚሊዮን ብርም ያው ቃል ይጻፋል።

ሐሳቡ መጥፎ ነው አልልም። አንዱን ባንክ አታልሎ ሌላው ጋ የሚበደር ሰው ስንት አለ። ለጥሩ ከፋይም ቢሆን የሚመሰክርለት መዝገብ መኖሩ ይጠቅመዋል። ችግሩ መዝገቡ ሲሳሳት ነው፤ የሚሳሳተው አንዱ፣ የሚከፍለው ሌላው ስለሆነ።

ጋሼ ወደ መጀመሪያው ባንክ ተመለሱ። ቅርንጫፉ የብድር ቁጥራቸውን አስገብቶ አየ። «ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ጨርሰዋል፤ ዜሮ ነው የሚለው። ጥፋቱ የእነሱ ነው» አላቸው። ሁለተኛው ባንክ ሄዱ። «እኛ የምናየው እነሱ የላኩትን ነው፤ ያስተካክሉልን» ተባሉ። እንዲህ እየተመላለሱ ሰኔ አለቀ። በሁለቱም ቤት ውሸታም አልነበረም። ሁለቱም የየራሳቸውን ስክሪን እያዩ እውነት ነው የሚናገሩት።

መሀል ላይ ሌላ ሰው ገባ። ባንኩ ፊት ለፊት ካለው ቡና ቤት የሚውል፣ ራሱን ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ የሚል ሰው ነው። «15 ሺህ ብር ያዙ፤ አዲስ አበባ ሰው አለኝ፣ ስምዎን ከሲስተሙ አስወጣዋለሁ» አላቸው። ግማሹ ቅድሚያ። ጋሼ ሊሰጡት ደርሰው ነበር። ያቆሟቸው እትዬ ናቸው፦ «የሌለብህን ዕዳ ለማስፋቅ ገንዘብ ከሰጠህማ ነበረብህ ማለት ነው።» ስሜ እንዳይነሳ ብለው ለሰው ያላወሩ ስንት ነጋዴዎች ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው እንደከፈሉ እግዜር ይወቅ።

የጋሼ የእህት ልጅ የምትኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እሑድ ስትደውል ነገሯት። «እንዴ ጋሽዬ! እዚህ እኮ እኔ የራሴን በስልኬ ገብቼ በነፃ ነው የማየው» አለች። ጋሼ አሜሪካ ገነት መሰለቻቸው። ማታ ደውለው «አንተ፣ እውነት ነው?» አሉኝ።

እውነት ነው፤ ግን ሙሉው እውነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ሦስቱ ትልልቅ የብድር መረጃ ኩባንያዎች፣ ኢኩፋክስ፣ ኤክስፔሪያንና ትራንስዩኒየን፣ ለጠየቃቸው ሰው በዓመት አንድ ጊዜ ሪፖርቱን በነፃ እንዲሰጡ አስገድዷል። ከ2023 ወዲህ በየሳምንቱ በነፃ ማየት ቋሚ ሆኗል። ስህተት አለ ብሎ ላመለከተም በአብዛኛው በ30 ቀን ውስጥ መርምረው መልስ መስጠት አለባቸው። ይህ ለእኛ ሰው የሚያስቀና ነው።

ሆኖም ልጅቷን ቆየት ብዬ በደንብ ስጠይቃት ሌላም ነገር አወጣች። አሜሪካ እንደገባች «የብድር ነጥብሽን በነፃ እዪ» የሚል ማስታወቂያ አይታ ተመዝግባ ነበር። ነጥቡ አበዳሪ የሰውን ከፋይነት የሚመዝንበት ቁጥር ነው። የባንክ ካርድ ቁጥር ጠየቋት፤ ሰጠች። የሙከራው ቀን ሲያልፍ በየወሩ ከካርዷ ይቆረጥ ጀመር። ልብ ያለችው ከብዙ ወራት በኋላ ነው። ለማቋረጥ ስትደውል ደግሞ ስልኩን ይዛ ሙዚቃ ስታዳምጥ ዋለች። የትኛው ድርጅት እንደሆነ እዚህ አልጽፍም። ነገሩ ግን የእሷ ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በጥር 2017 የአሜሪካ የሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ ኢኩፋክስንና ትራንስዩኒየንን በድምሩ ከ23 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፍሉ አድርጓል። ከክሱ አንዱ ይኸው ነበር፤ «ነፃ» ወይም «1 ዶላር» ብሎ አስገብቶ፣ ከሙከራው በኋላ ሰውየው ካላቋረጠ በወር 16 ዶላርና ከዚያ በላይ መቁረጥ። ሁለተኛው ክስ የባሰ ነው፦ የሚሸጡለት ነጥብ አበዳሪዎች በብዛት የሚያዩት ነጥብ አልነበረም።

የስህተቱም ነገር እዚያ ትንሽ አይደለም። የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ጥናት ከአምስት ሰው አንዱ ከሦስቱ ሪፖርቶች ቢያንስ በአንዱ ላይ ስህተት ተገኝቶበታል። ቡና ቤት የሚውለው ሰውዬም አሜሪካ ውስጥ ወንድሞች አሉት፤ የብድር ታሪክ እናጸዳለን የሚሉ ድርጅቶች። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ ሕግ እነዚህ ሥራውን ሳይጨርሱ ቅድሚያ እንዳይቀበሉ ይከለክላል። ለጋሼ ይህን ስነግራቸው ሳቁ። «ግማሹን ቅድሚያ ያለኝ ለካ ክልክል ነበር» አሉ። እዚያ ነው፣ አልኳቸው።

እኔ ከዚህ የያዝኩት አንድ ነገር ነው። መዝገብን በነፃ ማየትና መዝገብን በነፃ ማስተካከል ለየብቻ ናቸው። እዚያ ወጪው ከካርድ ላይ በየወሩ ትንሽ ትንሽ እየተቆረጠ ይሄዳል። እዚህ ደግሞ በቀጠሮ ይከፈላል፤ «ነገ ይምጡ» በሚባል።

ወደ ጉዳዩ ልመለስ። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ የመጀመሪያው ባንክ ጋ አብሬያቸው ሄድኩ። ደብዳቤ አልጠየቅንም። ደብዳቤ ሞልቶናል። የጠየቅነው በጋሼ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር የተከፈቱ ሂሳቦች በሙሉ፣ ክፍትም ይሁኑ የተዘጉ፣ ከ2011 ጀምሮ ያለ ስቴትመንት ነው። የሂሳብ ክፍሉ ልጅ «በሙሉ?» ብሎ አየን። ለእያንዳንዱ ገጽ ተከፈለ። ወረቀቱ ሲወጣ የጋሼ ፊት ተለወጠ። የድሮው ቁጥር እዚያ ነበር፤ ሕይወት ያለው።

የሆነው እንዲህ ነው። ጀልባው በባንኩ ስም ኢንሹራንስ አለበት። ባንኩ ውሉን ያሳድስና አረቦኑን፣ ማለትም የኢንሹራንሱን ክፍያ፣ ከተበዳሪው የብድር ሂሳብ ላይ ይጭነዋል። ብድሩ በመጋቢት 2014 ወደ አዲስ ቁጥር ሲዛወር፣ የኢንሹራንስ ክፍሉ ፋይል ላይ የቀረው የድሮው ቁጥር ነው። በሐምሌ 2014 ኢንሹራንሱ ሲታደስ 3,140 ብር በድሮው ሂሳብ ላይ ተጫነ። ባዶ መሆን የነበረበት ሂሳብ ዕዳ አበቀለ። ጋሼ በየወሩ የሚከፍሉት ወደ አዲሱ ቁጥር ስለሆነ በድሮው ላይ አንድም ብር አልገባም። ቀኑ ተቆጠረ። ልዩ ክትትል፣ ከመደበኛ በታች፣ አጠራጣሪ፣ ኪሳራ። ቅጣትና ወለድ ተጨምሮ ግንቦት 2016 ላይ 4,400 ብር ገደማ ደርሷል። በታኅሣሥ 2016 ክሊራንስ ሲጻፍ ቅርንጫፉ ያየው አዲሱን ቁጥር ብቻ ነው። ወደ ብሔራዊ ባንክ የሚሄደው መረጃ ግን የሚወጣው ከዋናው መሥሪያ ቤት ሲስተም ነው፤ እሱ ሁለቱንም ያያል።

ጋሼ አንድም የሚያስጠነቅቅ መልእክት አልደረሳቸውም። የደብዳቤም የስልክም። የብድር ሂሳባቸው የጽሑፍ መልእክት እንዲደርሰው አልተመዘገበም ነበር።

የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ነገሩ ሲገባቸው ደግ ሆኑ። «ጋሼ፣ አራት ሺህ ብር ነው። ይክፈሉና ይገላገሉ» አሉ። ይህ ነው እንግዲህ የጉዳዩ አስቸጋሪ ቦታ። እትዬ ያን ዕለት ሐሳባቸው ከሥራ አስኪያጁ ጋር ነበር፦ «ለአራት ሺህ ብር ስንት ጊዜ ልትመላለስ ነው? ክፈልና ሞተርህን ግዛ።» ስሌታቸው ትክክል ነው። የአንድ እሑድ ሥራ የሚያመጣው ከዚያ ይበልጣል።

እኔ ግን አይሆንም አልኩ። የሁለተኛው ባንክ ልጅ በፊት የነገረችን ነገር ነበር፤ የብድር ኮሚቴያቸው ዛሬ ያለውን ዕዳ ብቻ ሳይሆን ታሪኩንም ያያል። ጋሼ 4,400ውን ዝም ብለው ቢከፍሉ፣ ዕዳው ይጠፋል። ታሪኩ ግን «ኪሳራ ደረጃ ደርሶ የነበረ፣ በኋላ የከፈለ» ይላል። ይህ ደግሞ በእያንዳንዱ አዲስ ብድር ላይ ይነሳል። መስተካከል ያለበት ቀሪው ሂሳብ ሳይሆን ደረጃው ነበር። ስለዚህ ከባንኩ የምንፈልገው፣ ሂሳቡ የተበላሸው በራሱ የአሠራር ስህተት መሆኑን የሚገልጽና ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት የሚሄድ ማስተካከያ ነው። ጋሼ ትንሽ ካሰቡ በኋላ «አረቦኑን እከፍላለሁ፤ ጀልባዬ ኢንሹራንስ ነበረውና ያ የኔ ነው። ቅጣቱን ግን ኪዳነ ምሕረትን አልከፍልም» አሉ። ጥሩ መስመር ነው ያሰመሩት። ማመልከቻው የተጻፈው በዚሁ ነው።

ቅርንጫፉ ወደ ዲስትሪክት፣ ዲስትሪክቱ ወደ አዲስ አበባ ላከ። ከዚያ ዝምታ ሆነ። ስልክ ሲደወል ያነሳው ሰው ፋይሉ ሌላ ክፍል ነው ይላል። ጋሼ በመጨረሻ ራሳቸው ሊሄዱ ወሰኑ። የየብስ መንገዱ በዚያን ወቅት የሚታመን አልነበረምና በአውሮፕላን ሄዱ። አዲስ አበባ ሁለት ሌሊት አድረው፣ ፋይሉን ከአንዱ ፎቅ ወደ ሌላው በእጃቸው ተሸክመው አደረሱት። የተሰጣቸው መልስ «ይስተካከላል» የሚል ነበር።

እነሱ ሲያስተካክሉ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ደረሰ። መንግሥት የብርን ምንዛሪ ለገበያ ለቀቀው። ከዚያ በፊት በባንክ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ገባ። የሞተር ነጋዴው የድሮውን ዋጋ አላውቀውም አለ። ነሐሴ ላይ ስንጠይቅ ያው ሞተር 690 ሺህ ብር ሆኗል። ነጋዴውን አልወቅሰውም፤ የሚተካው በአዲሱ ዋጋ ነው። ግን ግንቦት ላይ ያ መዝገብ ንጹሕ ቢሆን ኖሮ ጋሼ ሰኔ ላይ በ480 ሺህ ገዝተው ውኃ ላይ ነበሩ። በ3,140 ብር አረቦን የተጀመረው ነገር 210 ሺህ ብር ልዩነት አመጣ። ይህንን የትኛው ደረሰኝ ላይ ነው የምጽፈው?

ሌሎቹን ወጪዎች እንደ ሂሳብ ሠራተኛ አንድ ላይ ደምሬያቸዋለሁ። የአውሮፕላን ቲኬቱና አልቤርጎው 13 ሺህ ብር ነው። የቤት ግምቱ 6 ሺህ ነበር፤ ጉዳዩ ስለዘገየ «ግምቱ ጊዜው አልፎበታል» ተብሎ እንደገና 6 ሺህ ተከፈለ። የስቴትመንቱ፣ የፎቶ ኮፒው፣ ከዕዳ ነፃ የሚለውን ወረቀት እንደገና ማውጣቱ ጥቃቅን ነው፤ ግን አለ። ነሐሴ ላይ አሮጌው ሞተር ጨርሶ ቆመ። ጋሼ ለጥገና የሚሆን ገንዘብ ስላጡ ከአንድ የዕቁብ ጓደኛቸው የ100 ሺህ ብር ዕጣ ገዙ። 12 ሺህ ብር ለባለዕጣው ትተው 88 ሺህ ነው የተቀበሉት፤ የሚሞሉት ግን ሙሉውን ነው። ባንክ ብድር የከለከለው ሰው ገንዘብ የሚያገኘው እንዲህ ነው። መቼም ይህን ወለድ የሚለው የለም። ጀልባው የቆመባቸውን ቀናት ገቢ አልደመርኩም። ጋሼም እንዳልደምር ጠየቁኝ፤ «ተወው፣ ያማል» ብለው።

ስለ ሪፖርቱ ራሱ የተከፈለ ክፍያ ከዚህ ሁሉ ውስጥ የለም። ሰው «የብድር መረጃ ስንት ነው የሚያስከፍለው?» ብሎ ሲጠይቅ የሚያስበው ስለዚያ ነው። በጋሼ ጉዳይ ላይ ዋጋው የተከፈለው ስህተቱ በቆመበት ጊዜ ልክ ነው። ስህተቱን የሠራው ባንክ ግን ለማፋጠን የሚገደድበት ምንም አልነበረውም። አንድ ወር ቢቆይ፣ አምስት ወር ቢቆይ፣ ከኪሱ አንዲት ሳንቲም አይወጣም።

መስከረም ላይ ዲስትሪክቱ ደወለ። ስህተቱን ተቀብለዋል። ቅጣቱና ወለዱ ተሰርዟል፤ ጋሼ 3,140 ብሩን ከፍለው የድሮው ሂሳብ ተዘጋ። ደብዳቤውም ያልነው ቃል አለበት፤ «በባንኩ የአሠራር ስህተት» ይላል። ደስ ብሎን ሁለተኛው ባንክ ሄድን። ልጅቷ ሲስተሙን ከፈተች። ስማቸው አሁንም እዚያው ነበር። ባንኩ በራሱ ሲስተም ላይ ያስተካከለው ወደ ማዕከሉ አልተላከም ነበር፤ የሚላከው ሌላ ክፍል በሌላ ጊዜ ነው። ጋሼ ያን ዕለት ምንም አልተናገሩም። ወጥተው ወደብ ድረስ በእግራቸው ሄዱ።

ጥቅምት ላይ ጸዳ። ልጅቷ ራሷ ናት ደውላ ያበሰረቻቸው። በነገራችን ላይ በዚህ ሁሉ ውስጥ ሳትጠየቅ የደወለች ሰው እሷ ብቻ ናት።

ብድሩ ግን ግንቦት ላይ እንደታሰበው አልሆነም። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ ብሔራዊ ባንክ የንግድ ባንኮች የብድር ዕድገት በዓመት ከ14 በመቶ እንዳያልፍ ጣሪያ ጥሎ ነበር፤ ጣሪያው ሲጠብ ደግሞ ቀድሞ የሚገፋው ትንሹ ተበዳሪ ነው። ጋሼ ግንቦት ላይ ተራቸው ደርሶ ነበር። ጥቅምት ላይ ከኋላ ተሰለፉ። የተፈቀደላቸው ከጠየቁት አነሰ፤ የገቢ ግምታቸውም የተሠራው ጀልባው በቆመበት ክረምት ላይ ተመሥርቶ ነው። በገንዘቡ ከማኅበሩ አባል 25 ፈረስ ጉልበት ያለው ያገለገለ ሞተር ገዙ። ወደ ዘጌ የሚወስደው ጊዜ ረዝሟል፤ ተሳፋሪም የሚጭኑት ቀንሰው ነው።

ሌሎች ደንበኞቼ ይህን ሰምተው ምን እናድርግ ሲሉኝ የምነግራቸው ጥቂት ነው። ብድር ሲጨርሱ ክሊራንስ ብቻ ይዘው አይውጡ፤ በመለያ ቁጥራቸው ያሉት ሂሳቦች በሙሉ ዜሮ መሆናቸውን የሚያሳይ ስቴትመንት ይጠይቁ። ብድሩ አንዴ ከተራዘመ ደግሞ የድሮው ቁጥር መዘጋቱን በጽሑፍ ይያዙ፣ የኢንሹራንሱም ፋይል ወደ አዲሱ ቁጥር መዛወሩን ይጠይቁ። አዲስ ብድር ከመፈለጋቸው በፊትም ለግምት ገንዘብ ሳይከፍሉ፣ ባንኩ መጀመሪያ የብድር መረጃቸውን እንዲያይ ይለምኑ። ይህ የመጨረሻው ለጋሼ 6 ሺህ ብር ያተርፍላቸው ነበር።

የሁለተኛው ባንክ ብድር ውል ላይም ያው የኢንሹራንስ አንቀጽ አለ። ጋሼ ሲፈርሙ ልጅቷን አንድ ነገር አስጨመሯት፤ አረቦን በተጫነ ቁጥር በስልካቸው መልእክት እንዲደርሳቸው። ለመጀመሪያው ባንክ ደግሞ የአውሮፕላኑንና የሁለተኛውን ግምት ወጪ እንዲተካ ደረሰኝ አያይዘን ጽፈናል። ማመልከቻው ገቢ ተደርጎ ቁጥር ተሰጥቶታል። መልስ የለም።